በጥያቄው ውስጥ የሞተ ሰው አልነበረም

ነቀምት ውስጥ ያለ ፈቃድ «አቡካቶ» መባል የፈለገ ሰው ሕግ ይማርና የጥብቅና ፈተናውን ደጋግሞ ይውደቅ። ሌላ ምንም አያስፈልገውም። መጀመሪያ ስወድቅ ሰው ሁሉ በስሜ ይጠራኝ ነበር። ሁለተኛ ስወድቅ የጨለለቂ ሰፈር ባጃጅ ነጂዎች ሳይቀሩ «አቡካቶ፣ ወዴት ነው?» ማለት ጀመሩ። አቡካቶ በኦሮምኛ ጠበቃ ማለት ነው። እነሱ አፍ ላይ ግን ሌላ ትርጉም ነበረው፤ ያንን ለመረዳት ደግሞ ሕግ መማር አያስፈልግም።

የባጃጅ ነጂ ቢስቅ ምን ቸገረኝ። የሚያንገበግበኝ የሴት ጓደኛዬ አባት «አቡካቶ» ሲሉኝ ነበር። ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው፤ ከጡረታም በኋላ ሰውን ሁሉ ነጥብ እየሰጡ ነው የሚያዩት። ልጃቸውን ላግባ ብዬ ሽማግሌ ልልክ መሆኑን ሲሰሙ በልጃቸው በኩል አጭር መልስ ላኩብኝ። መጀመሪያ ፈቃዱ ይምጣ፣ ከዚያ ሽማግሌው ይምጣ። እሷን ማግኘትና ፈተናውን ማለፍ ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ጉዳይ ሆኑ። በዚያ ላይ ባንክ ቤት የሚሠራ አንድ ደህና ልብስ የሚለብስ ሰው እሑድ እሑድ የአባትየውን ጤንነት ለመጠየቅ ብቅ ማለት ጀምሮ ነበር። አባትየው ደግሞ ምንም አላመማቸውም።

የመጀመሪያው ስልቴ ቁጥር መሸምደድ ነበር። የሕጉን አንቀጾች ከነቁጥራቸው በቃሌ ያዝኩ። ጠዋት ግቢው ውስጥ እየተንጎራደድኩ ቁጥር ስጠራ አከራዬ ሰምታ ሎተሪ የቆረጥኩ መሰላት፤ ከወጣልህ እንዳትደብቀኝ አለችኝ። ፈተናው ወደሚሰጥበት ከተማ ስንሄድ አውቶቡሱ ለቁርስ አኖ የምትባል ከተማ ቆመ፣ ጥብስ በላሁ፣ ሄድኩ፣ ተፈተንኩ። ቁጥር የጠየቀኝ ሰው የለም። ውጤቱ በቴሌግራም ተለቀቀ፣ ወደቅኩ፣ ጥፋቱን ሁሉ ጥብሱ ላይ አላከክሁት።

በሁለተኛው ዓመት የጥናት ቡድን አቋቋምን። አባላቱ በሙሉ ወዳቂዎች ነበርን፤ ያለፈ ሰው ከእኛ ጋር ምን ሊሠራ ይመጣል? ማኪያቶ እያዘዝን ሕጉን ተከፋፈልን፣ ሁሉም የደረሰውን አጥንቶ ሌላውን እንዲያስተምር። የወንጀል ሥነ ሥርዓት የደረሰው ልጅ ተራው በመጣ ቁጥር ያመዋል። የንግድ ሕግ የደረሰው ደግሞ ስለ ንግድ የሚያወራው ስለ ራሱ ንግድ ብቻ ነው፣ ሊከፍት ስላሰበው የጫማ ሱቅ። እኔ የማስረጃ ሕግ ደረሰኝና በጣም ጥሩ አድርጌ አስተማርኩ። አኖ ላይ ጥብሱን ትቼ ፍርፍር በላሁ። ፈተናው ላይ ስለ ማስረጃ ሲጠየቅ ብዕሬን የሚያቆመው ጠፋ። እየሳቅኩ ወጣሁ፣ እንደገና ወደቅኩ። አብረውኝ ካጠኑት ውስጥ ያለፈው ያ የጫማ ሱቁ ልጅ ነው።

ሦስተኛው ዓመት የሺት ዓመት ነው። ሺት የምንለው ያለፉት ዓመታት ጥያቄዎች ተለቅመው የተባዙበትን ወረቀት ነው፤ ፎቶ ኮፒው ራሱ የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ስለሆነ ግማሹ ጥቁር ነው። መልሶቹ ከነክባቸው ተቀምጠዋል። መልሶቹን ያከበበው ሰው አልፎ እንደሆነ ግን የጠየቀ የለም። ሊነጋጋ ሲል ተነስቼ እንቅልፍ እንዳይወስደኝ እግሬን ባሊ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ነክሬ እሸመድዳለሁ። ያተረፍኩት ጉንፋን ነው። አኖ ላይ ምንም ሳልበላ መንገዴን ቀጠልኩ፤ ምግቡ እንኳ አሁን ምስክር ሊሆንብኝ አይችልም ብዬ። ያም ሆኖ ወደቅኩ።

እስካሁን አንድ ነገር አልተናገርኩም። የተወለድኩት ጉቶ ጊዳ ወረዳ ውስጥ፣ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ሰዎች መንደር ነው። እናቴ ዛሬም ድረስ አማርኛዋ ከወሎ ንቅንቅ አላለም። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ላይ ኦሮምኛ እየተናገርኩ አደግኩ። በኦሮምኛ ገበያ ተከራክሬያለሁ፣ ተሳድቤያለሁ፣ ፍቅር ይዞኝ ለምኜያለሁ። ኦሮምኛ ታውቃለህ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢመጣ እቆጣ ነበር። ትምህርት ቤት ግን ያነበብኩትም የጻፍኩትም በአማርኛ ፊደል ነው። ዩኒቨርሲቲ ሕጉን በእንግሊዝኛ ተማርኩ። የክልሉ የጥብቅና ፈተና ደግሞ በኦሮምኛ፣ ያውም በላቲን ፊደል። ይህንን ሁሉ እያወቅኩ፣ ማጥናት ያለብኝ ቋንቋውን ይሆን እንዴ የሚል ሐሳብ አንድም ቀን ወደ ጭንቅላቴ አልመጣም። ሰው አፉን ያጠናል?

ሦስተኛው ውጤት የተለቀቀ ሰሞን እሑድ ከሰዓት ከእሷ ጋር በእግር እየሄድን ነበር። አንደኛ ክፍል ኦሮምኛ ነው የምታስተምረው። እኔ እንደ ወዳቂ ሁሉ ፈታኞቹን እየሰደብኩ ነበር። ያንን የመሰለ የውርስ መልስ ጽፌ ዜሮ የሰጠኝ ሰው ሕግ ያልተማረ ነው እያልኩ ጥያቄውን ነገርኳት። አንድ አባት ለልጁ ገንዘብ ያበድራል። ዻላ ይላል ጥያቄው፣ በኦሮምኛ ውርስ ማለት ነው። ልጁ አልሰጥም ይላል፣ አባትየው ይከሳል፣ እናንተ መርምሩ ይላል። ውርስ የሚከፈተው ሰው ሲሞት ነው፤ በጥያቄው ውስጥ ግን የሞተ ሰው የለም። ከላይ እስከ ታች ፈለግኩ። አባትየው እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ በሙሉ ጤንነት ይከራከራሉ። ፈታኞቹ መሞታቸውን መጻፍ ረስተዋል ብዬ ደመደምኩና እኔው ገደልኳቸው። «ሟች» እያልኩ ንብረታቸውን አጣራሁ፣ ኑዛዜያቸውን አፈረስኩ፣ ለልጆቻቸው ድርሻ ድርሻቸውን አከፋፍዬ ወጣሁ።

መራመዷን አቆመች።

«ቃሉ ላይ ‹አ› አንድ ነበር ሁለት?» አለችኝ።

«ምን ለውጥ አለው?» አልኳት።

መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከሳቋ የተነሣ ለመናገር ጊዜ ወሰደባት። ለካ በላቲኑ ፊደል ‹አ› ሁለት ጊዜ ሲጻፍ ድምፁ ይረዝማል፣ ዻላ ይሆናል፣ ውርስ። አንድ ጊዜ ሲጻፍ ያጥራል፣ ዸላ ይሆናል። ዸላ ማለት ዘር ነው፣ የተወለደ ልጅ። ብድር ላይ ሲሆን ደግሞ ገንዘቡ የወለደው ነው፤ አማርኛችንም በዚያው መንገድ ሄዶ ነው ወለድ ያለው። ጥያቄው ስለ ወለድ ነበር። አባትየው ሊሞቱ ቀርቶ ጉንፋን እንኳ አልያዛቸውም። ባንክ ቤት የሚሠራው ሰውዬ ቢፈተን ኖሮ ያልፍ ነበር።

ስቃ ስትጨርስ ቀስ ብላ ስልኳን አወጣችና ድሮ የላክሁላትን መልእክት አሳየችኝ። ላፋ ማለት ለስላሳ፣ ደካማ ነው፤ እኔም ልብሽ ላፋ ነው ብዬ ልጽፍላት አስቤ ነበር። የጻፍኩት ግን ለፋ ነው፣ በአጭሩ። ለፋ መሬት ነው። ልብሽ መሬት ነው ብዬ ልኬላታለሁ፤ እሷም ይህንን ሁሉ ጊዜ ሳታጠፋው አስቀምጣዋለች።

ያኔ ሁለተኛው ፈተና ትዝ አለኝ። ጥያቄው ስለ ራጋ ላፋ ነበር፣ ስለ ደካማ ማስረጃ። እኔ የመሬት ማስረጃ ብዬ አንብቤ ስለ ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ገጽ በገጽ ሞላሁ። ለፋ በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ ግን በደንብ ገባኝ። ለፋሁ።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት። «ሁልጊዜ እንደዚህ እንደምጽፍ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለች። «ስታጠፋ ደስ ይለኛል። ማንም ሌላ ሰው እንደዚያ አይለኝም።»

ተናደድኩ። በጣም ነው የተናደድኩት፤ አሁን ስጽፈው እንኳ ትንሽ ይመልስብኛል። አንዲት አስተማሪ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ድምፅ ስታርም የምትውል፣ የገዛ ባሏ ሊሆን ያለውን ሰው ስሕተት ለጣዕሙ ብላ ታስቀምጣለች። አባቷ በር ላይ ፈቃድ አምጣ እያሉ ይቆማሉ፣ እሷ ጓዳ ውስጥ በመልእክቶቼ ትስቃለች። ይህንኑ ነገርኳት። እሷም እኔስ ፈተናው ስለዚህ መሆኑን በምን አውቃለሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ጥያቄውን አሳይተኸኝ ታውቃለህ፣ ሁልጊዜ «ጨርሼዋለሁ» እያልክ አይደለም ወይ የምትመጣው አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ለዚህ ነው ለብዙ ቀን ያኮረፍኩት።

ኩርፊያዬን ያስለቀቀኝ ያ የባንክ ቤት ሰው ነው። አንድ እሑድ ለአባትየው ማር ይዞ መሄዱን ሰማሁ። ሰኞ ዕለት ትምህርት ቤቷ በር ላይ ቆሜ አንደኛ ክፍል መዝግቢኝ አልኳት።

አራተኛው ስልት ይኸው ነው። የሕግ መጻሕፍቱን ጠቅልዬ አልጋ ሥር ከተትኩ። የአንደኛ ክፍል መማሪያ መጽሐፍ ተሰጠኝ፤ ላምና ድመት ያለበት፣ ሥዕሉም ባለቀለም። ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ እሷ በጭብጨባ ታርመኛለች። ማጠር ያለበትን ካረዘምኩ አንድ ጭብጨባ። ማርዘም ያለብኝን ካሳጠርኩ ሁለት ጭብጨባ። ከዚያ በኋላ በመንገድ ስሄድ የሱቅ ማስታወቂያ ሁሉ እያረዘምኩና እያሳጠርኩ አነብ ጀመርኩ። አከራዬ ደግሞ በሎተሪው ጊዜስ አእምሮው ደህና ነበር፣ አሁን እንደ በግ «አአ» እያለ ይውላል ብላ ለጎረቤት አወራች። እናቴ ልትጠይቀኝ ከመንደር መጥታ የያዝኩትን መጽሐፍ ስታይ ላሟን ተመለከተች፣ እኔን ተመለከተች፣ እንደገና ላሟን ተመለከተች።

«ኧረግ ልጄ፣ ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ ያልከኝ የት ነው የሄድከው?» አለችኝ።

አኖ ላይ ጥብስ በላሁ። ተፈተንኩ። እያንዳንዱን ቃል በከንፈሬ እየለካሁ ስላነበብኩ ፈታኙ መጥቶ ጸሎቱን በልቤ እንዳደርግ መከረኝ። አለፍኩ። ሕጉን ያው ከድሮው በላይ አላወቅኩትም።

ሽማግሌ ተላከ። አጎቴና ሁለት የመንደራችን አዛውንቶች ቀደሙ፣ እኔ እንደ ደንቡ ደጅ መቅረት ነበረብኝ። አባትየው ግን ልጁም ይግባ አሉ። ገባሁ። አጎቴ ጉሮሮውን አጽድቶ ሊጀምር ሲል እጃቸውን አነሡና በኦሮምኛ አቋረጡት።

«ጠበቃ ሆኗል አይደል? እንግዲህ ራሱ ይከራከር። ከእኔ ቤት ምን ፈልገህ መጣህ?»

በሕይወቴ የመጀመሪያው ችሎት እሱ ነበር። ተነሥቼ ቆምኩ። ያማረ ኦሮምኛ መናገር ፈልጌያለሁ፤ ድምፁ ሁሉ በልኩ፣ መርዘም ያለበት ረዝሞ። ልጅዎን በክብር ልወስድ፣ በእርጅናዎም ልጦርዎ ነው አልኩ። እስከዚህ ድረስ ግሩም ሄደ። ሽማግሌዎቼ በኩራት አንገታቸውን ነቀነቁ። ከእሷም ልጅ ወልደን እንድናሳድግ ነው ልል ፈለግኩ። ዸላ የሚለው ቃል ሲመጣ፣ ያ በፈተናው የጣለኝ ቃል፣ እንዳይሳሳትብኝ ፈርቼ አፌን ከፍቼ በደንብ አረዘምኩት። ከእርስዎ ቤት የምፈልገው ዻላ ነው አልኩ።

አጎቴ መሬት መሬት አየ። አባትየው መነጽራቸውን አወለቁ።

ከጓዳ አንድ ጭብጨባ ተሰማ።

ያልኩትን የሰማሁት ያኔ ነው። ሽማግሌ ይዤ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሼ፣ በሕይወት ካለ ሰው ፊት ቆሜ ውርስ ስጠኝ ብያለሁ። እንደገና አባት ገድያለሁ። ለፍቼ ያገኘሁትን ፈቃድ፣ ማሩን፣ የባንክ ቤቱን ሰውዬ ሁሉ በአንድ ጊዜ አሰብኩ።

አባትየው መነጽራቸውን ጠርገው መልሰው አደረጉ። ወደ ጓዳው በር አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ።

«ዻላ ከሆነ የፈለግከው እስክሞት ጠብቅ» አሉ። «ዸላ ከሆነ ግን፣ ያችን የምታጨበጭበውን ጥራት።»