ስክሪን በጣት የሚነኩ ተማሪዎች

ሐሙስ፣ ንጋት 12 ሰዓት፤ ደብረ ታቦር

መናኸሪያው ገና አልነጋለትም። ረዳቱ "ጋይንት፣ ጋይንት" እያለ በጭጋጉ ውስጥ ይመላለሳል። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ሹራብ፣ የገብስ ቆሎ እና አንድ ቅጽ አለ። የቅጹ ጥያቄ አጭር ነው፦ ለትምህርት ቤቱ የተሰጡት አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች በሥራ ላይ ናቸው ወይስ አይደሉም? ካልሆኑ ይነሡና ለሌላ ወረዳ ይሰጣሉ።

ነገሩ ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ከገባ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ኮምፒውተሮቹን ያከፋፈለው ፕሮጀክት እኔን የመረጠኝ በጠባዬ ይመስለኛል። ሃያ ሁለት ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬአለሁ፤ ከማስተማሩ ይልቅ የታወቅሁት ግን በፈተና ጥበቃ ነው። እጅጌ ውስጥ የተጠቀለለ ወረቀት፣ መዳፍ ላይ የተጻፈ ፎርሙላ፣ በሳል የሚተላለፍ መልስ፣ ሁሉንም አውቃለሁ። ሰው ሲያመሰግነኝ እንኳ ምን ፈልጎ ይሆን እላለሁ። ባለቤቴ በዚህ ነገር ከተማረረች ቆይታለች።

ኮምፒውተሮቹ ላይ የተጫነው ምናባዊ ላቦራቶሪ የሚሉት ፕሮግራም ነው። ብልቃጡም አሲዱም እሳቱም ስክሪኑ ውስጥ ነው። ተማሪው በማውስ አሲዱን ጠብ ያደርጋል፣ ቀለሙ ይለወጣል፤ ሽታ የለ፣ የተቃጠለ ጣት የለ። እኔ ሳልሄድም አላመንኩትም።

ረፋድ 4 ሰዓት፤ ንፋስ መውጫ

የጉና ብርድ በተሰነጠቀው መስኮት እየገባ ጉልበቴን ሲበላው ነው የመጣው። ክምር ድንጋይ ከተማ ቆመን ሦስት ጆንያ ድንች ተጫነ፤ አንዱ እግሬ ሥር ተቀመጠ። ንፋስ መውጫ ስንደርስ ባጃጆቹ መንገዱን ሞልተውታል። ፍርፍር በአሥራ ሁለት ብር በላሁ፤ ቃሪያው የተረፈ ብርድ ካለ ጠራርጎ የሚያወጣ ነው።

ወደ አርብ ገበያ የሚወርደው መኪና ሾፌር ከጎኑ አስቀመጠኝ።

"ለምን ጉዳይ ነው ጋሼ?"

"ትምህርት ቤት። ኮምፒውተር ለማየት።"

"መብራት ካለ ነዋ።"

"ስንት ጊዜ ይጠፋል?"

"ስንት ጊዜ ይመጣል ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር" አለና ማርሽ ቀየረ።

ይህን በማስታወሻዬ ጻፍኩ። መብራት ከሌለ ኮምፒውተር የለም፤ ኮምፒውተር ከሌለ ደግሞ ነገ የሚያሳዩኝ ሁሉ ድራማ ነው። ከመድረሴ በፊት ፍርዱን ጨርሼ ነበር።

ዓርብ፣ ጠዋት 3 ሰዓት፤ ትምህርት ቤቱ

አርብ ገበያ በገበያ ቀኗ ማልዳ ነው የምትነሣው። ሽምብራ የጫኑ አህዮች ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር እየተሻሹ ያልፋሉ። የኬሚስትሪ መምህሩ ይበልጣል በር ላይ ጠበቀኝ። ቀጭን ነው፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል።

"እንኳን ደህና መጡ። ዕድለኛ ነዎት፣ ዛሬ መብራት አለ።"

ዕድለኛ ነዎት ማለቱም አልጣመኝም።

አሥራ ሁለት ተማሪዎች ተቀምጠዋል። ሙከራው ብልቃጥ ውስጥ ባለው ሮዝ ቤዝ ላይ ቀለሙ እስኪጠፋ አሲድ ማንጠባጠብ ነው። ልጆቹ ማንም ሳይነግራቸው ጀመሩ። ቢዩሬቱን፣ ያን አሲድ የሚንጠባጠብበትን ቀጭን ቱቦ፣ አነሡ፣ ሞሉ፣ ጠብ ጠብ አደረጉ፣ ልክ ሲደርስ አቆሙ። አንድም የተደናገረ የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተደናገረ ክፍል አላየሁም።

ከዚያ አንድ ነገር ዓይኔ ገባ። ፊት ለፊት የተቀመጠችው ስመኝ የምትባል ልጅ ማውሱን ከመያዟ በፊት ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች፤ ቶሎ ብላ መለሰችው። ቀጥሎ ያለው ልጅም እንደዚያው። አንዱማ ቢዩሬቱን በጣቱ ሁለት ጊዜ ተጫነና ምንም አልሆን ሲለው ነው ማውሱ ትዝ ያለው። ኮምፒውተር የለመደ ሰው ይህን አያደርግም።

ልጆቹ ለዕረፍት ሲወጡ የፕሮግራሙን ሰዓት ቆጣሪ ከፈትኩ። እያንዳንዱ ማሽን ስንት ሰዓት እንደሠራ ይመዘግባል። በመንፈቀ ዓመቱ ሁሉ የአንድ ሳምንት ሥራ አይሞላም።

"መምህር ይበልጣል" አልኩ፣ ያ የፈተና አዳራሽ ድምፄ መጣ፣ "እነዚህ ልጆች ይህን መቼ ተማሩት?"

"ይምጡ" አለኝ።

ከክፍሉ ጀርባ ካለው ዕቃ ቤት የካርቶን ክምር አወጣ። በእያንዳንዱ ላይ ስክሪኑ እንዳለ ተስሏል፤ ቢዩሬቱ፣ ብልቃጡ፣ መጫኛዎቹ ሁሉ በየቦታቸው፣ በእስክሪብቶና በቀይ ቀለም። ስመኝን ጠራት።

"አሳዪያቸው፣ አንቺ ማሽኑን ሁኚ።"

ስመኝ ከካርቶኑ ጀርባ ተቀመጠች። አንድ ጓደኛዋ ከፊት ሆና ሥዕሉን በጣቷ ነካች።

"አሥር ሚሊ ሊትር አሲድ ገባ" አለች ስመኝ። "ቀለሙ ሮዝ ነው። አልተለወጠም።"

ልጅቷ ደግማ ነካች።

"ሃያ። ሮዝ ነው፤ ጠብታው ያረፈበት ጋ ነጣ ይልና ይመለሳል።"

ይበልጣል ወደ እኔ ዞረ። "እኔ ልጅ ሆኜ ዜማ ቤት ነበርኩ። የኔታ ለሁሉም አይደርሱም፤ የቀደመው ተማሪ ተከታዩን ያስቀጽላል፣ ዜማውን እየመራ ያስጠናዋል። ያስቀጸለ ደግሞ አይረሳም። እዚህም ማሽን የሚሆነው ከተሳሳተ ይነሣል፣ ያረመው ይቀመጣል። መብራት ሲመጣ ልክ መሆናችንን እናያለን።"

አሁንም አላመንኩም። የሸመደደ ልጅ መያዣው ቀላል ነው፤ ያልሸመደደውን መጠየቅ ነው።

"ስመኝ፣ አሲዱን እጥፍ ጠንካራ ባደርገውስ?"

ካርቶኑን አየች፣ ከዚያ ጣሪያውን። "ግማሹ ይበቃል መምህር። ግን ቀስ ብለው ያንጠባጥቡ፣ ሳያዩት ያልፍዎታል።"

ወደ ክፍሉ ተመልሼ ማሽኑ ላይ ሞከርኩት። ግማሹ በቃ። ቸኩዬ ስለነበር ደግሞ አለፈኝ። ከሚያስተምሩ ሰዎች አንዱ መሆኔን ከረሳሁ ስንት ዓመት እንደሆነኝ እንጃ፤ ያን ቀን ግን ልቤ ተነካ።

ይበልጣል ልወጣ ስል በር ላይ ያዘኝ። "ጋሼ፣ ካርቶኑን አይጻፉብኝ። የሚያነቡት ሰዎች ካርቶን ከበቃቸው ማሽን ምን ያደርግላቸዋል ይላሉ። የምንስለው ከማሽኑ አይተን ነው፤ ልክ መሆናችንንም የሚነግረን እሱ ነው።"

"አታስብ" አልኩት። "እውነቱን ለሚያነብ ሰው አሳምሬ እጽፈዋለሁ።"

ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፤ ደብረ ታቦር

በመንገድ ሁሉ ስጽፍ መጣሁ። ማንንም የምጠረጥረው ሰውዬ የራሴን ብዕር አልጠረጠርኩም። ካርቶኑን፣ ስመኝን፣ የኔታን፣ ሁሉንም አስገባሁ፤ እንዲህ ያለ ሪፖርት ጽፌ አላውቅም። የፕሮጀክቱ አስተባባሪ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ጠበቀኝና እዚያው አነበበው። ፊቱ እየፈካ ሄደ።

"ድንቅ ነው" አለ። "በካርቶን? እነዚህ እኮ ማሽኑ አያስፈልጋቸውም። መብራት ላለበት ትምህርት ቤት ብናዞረው ይሻላል።"

"አልገባህም" አልኩት። ስክሪኑ ከሌለ አዲስ ሙከራ ከየት አምጥተው ይስላሉ ብዬ ተከራከርኩ። ከሪፖርቱ የሰዓት ቆጣሪውን ቁጥር አሳየኝ፤ እኔው ነኝ የቀዳሁለት። ቅጹ ላይ "በሥራ ላይ አይደሉም" የሚለውን ፊቴ ምልክት አደረገበት። ረቡዕ መኪና ይሄዳል።

ውጭ ወጥቼ ይበልጣል ጋ ደወልኩ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላወቅሁም፤ አፈርኩ። እንደምንም ነገርኩት።

"ረቡዕ ነው ያሉት?"

"ረቡዕ።"

"እንግዲያው ስልኩን ልዝጋው ጋሼ፤ አሁን መብራት አለ። ልጆቹን ልጥራ። ያልሳልናቸው ስድስት ሙከራዎች ቀርተዋል።"