ጅብ የገዛው ድምፅ

ያን ተረት የማያውቅ የለም። እናት ገበያ ስትወጣ ልጇን ቤት ውስጥ ትታት፣ «የኔን ድምፅ ካልሰማሽ ለማንም እንዳትከፍቺ» ትላታለች። ጅብ ይመጣል፤ ድምፁ ሻካራ ነውና ይነቃበታል። ሄዶ ድምፁን አሳምሮ ይመለሳል፣ ልጅቷ ትከፍታለች፣ ይበላታል። እኔ በልጅነቴ ይህን ስሰማ የተናደድኩት በጅቡ ሳይሆን በተረቱ ነበር። ልጅቷ እንደተባለችው የእናቷን ድምፅ ሰምታ ነው የከፈተችው። ታዲያ ምን አጠፋች?

ንዴቴ ሳይበርድልኝ አደግኩና ተረቱን በአራት መጽሐፍ ለልጆች ልጽፈው ተነሣሁ። ልጅቷን መርካቶ ጓሮ ካለች አንዲት ክፍል ቤት አስቀመጥኳት። ጅቡ አይበላትም፤ በጆንያ ከቶ ከመርካቶ ሥር ወዳለ ሌላ መርካቶ ይወስዳታል። እዚያ ከላይ የወደቀ ነገር ሁሉ ይሸጣል፤ ጥላ በክንድ፣ ሕልም በጣሳ፣ ድምፅ በጠርሙስ። እናቷ ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ስትጠራ የፈሰሰውን ድምፅ አንድ ነጋዴ ለቃቅሞ ለጅቡ ሸጦለታል። በሦስተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ልጅቷ አምልጣ ቤቷ ትገባና በሩን ትቀረቅራለች። ወዲያው በሩ ይንኳኳል። «ልጄ፣ እኔ ነኝ፣ ክፈቺልኝ» ይላል የእናቷ ድምፅ። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል።

ይህን ስጽፍ ራሴን እንደ ትልቅ ብልህ ቆጥሬ ነበር። አራተኛውን ልጀምር ስል ግን ለጅቡ በቆፈርኩት ጉድጓድ እኔው ገብቼ ተገኘሁ። ጅቡም እናትየዋም አንድ ዓይነት ድምፅ አላቸው። ልጅቷ በምን ትለያቸው?

መጽሐፎቹን የሚያከፋፍልልኝ ሰው ያገኘችልኝ እናቴ ናት። እናቴ መርካቶ በርበሬ በረንዳ ዛላ በርበሬ ስትቀነጥስ፣ ስታስፈጭና ስትሸጥ ነው እኔንና ወንድሜን ያሳደገችን። ከድሮ ደንበኞቿ አንዱ ደብተርና እስክሪብቶ በጅምላ የሚሸጡ የስልጤ ሰው፣ ሐጂ ናቸው። ሐጂ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ተቀብለው ሽፋኑ ላይ ያለውን ጅብ ትክ ብለው አዩት። ጅቡም ያያቸዋል።

«እትዬ፣ እኔ ከደብተር ሌላ ወረቀት ሸጬ አላውቅም» አሏት ለእናቴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ግን እርስዎ በዚህ ሁሉ ዘመን በበርበሬዬ አንድ ቀን ሸክላ ቀላቅለውብኝ አያውቁም። የልጅዎ ከሆነ ያምጡት።»

ሦስቱንም ወሰዱልኝ። በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ ሰው እንኳ እንዲህ ቶሎ እሺ አይባልም። ከጥቂት ወራት በኋላ ሰላም ልላቸው ሱቃቸው ብቅ ስል መጽሐፎቼ በሲባጎ ታስረው ተደርድረዋል። ቀረብ ብዬ ሳይ ክው አልኩ። አንዱ እስር ሁሉም የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ ሌላው እስር ሁሉም ሁለተኛው ነው። በዚህ ዓይነት የአንዱ ከተማ ነጋዴ መጀመሪያውን ብቻ፣ ሌላው መሐሉን ብቻ፣ ሌላው ደግሞ ሦስተኛውን ብቻ ጭኖ ሄዷል።

«ሐጂ፣ ጉድ ሠሩኝ!» አልኩ። «ይሄ እኮ ተከታታይ ነው! አንዱ ካለ አንዱ አይሆንም!»

እርሳቸው ረጋ ብለው መነጽራቸውን አወለቁ። «እና ቀላቅዬ ልሽጥ ነበር? ደርዘን ከተባለ አንድ ዓይነት ነው ልጄ። ከላይ ቀይ፣ ከሥር ሰማያዊ ደብተር ከትቼ ብሰጥ ማን ደግሞ ይመጣልኛል? እናትሽ ቀላቅለው አያውቁም። እኔ በልጃቸው ዕቃ መቀላቀል ልጀምር?»

ልቆጣ የተነሣሁት ሴትዮ ሳቄ አመለጠኝ። ለእናቴ ክብር ሲሉ ነው መጽሐፌን የበታተኑት።

«ይልቅ ስሚኝ» አሉኝ። «ሦስተኛውን የወሰደው ደንበኛዬ ትናንት ደውሎ ነበር። የከተማው ልጆች ሱቁ በር ላይ ተሰልፈው መውጫ መግቢያ አሳጡት። ‹ከፈተች ወይስ አልከፈተችም?› እያሉ። ወላሂ፣ እኔም አላውቅም አልኩት። መስከረም ላይ ደብተር ሊጭን ሲመጣ መጨረሻውን አብሬ እጭንልሃለሁ ብያለሁ። ቃሌን እንዳታሳጥፊኝ።»

እነዚያ ልጆች ልጅቷ ማን እንደሆነች አያውቁም። ጆንያውን አላዩም፣ የታችኛውን ገበያ አላዩም። የሚያውቁት አንዲት ልጅ በር ዘግታ መቆሟን ነው፤ ያም በቅቷቸው ተጨንቀውላታል።

ክረምቱን ሙሉ ታገልኩ። የምሥጢር ቃል ሰጠኋት፤ ጅቡ ቃሉንም ሊገዛ ይችላል። በበሩ ሥር እግር አሳየኋት፤ ጅቡ ጫማ አደረገ። አስማተኛ ቀለበት ጨመርኩ፣ ሳነበው አፈርኩና ቀደድኩት። እናቴን እንዳልጠይቃት ጆሮዋ ከደከመ ቆይቷል። አፌን ጆሮዋ ላይ አስጠግቼ «እማዬ፣ ልጅቷ በምን ትለያት?» ስላት፣ «የማን ልጅ?» ትለኛለች።

አሁን የምንኖረው ሁለታችን ብቻ ነን፣ አብነት አካባቢ። እናቴ ዛሬም በሩን ከውስጥ ሳትቀረቅር አትቀመጥም፤ የድሮ ልማድ ነው፣ እምቢ ብላኛለች። ከውጭ ስመለስ በሩን እደበድባለሁ፣ ጎረቤት ሁሉ ይወጣል፣ እሷ ብቻ አትሰማም። እንዲህ በደበደብኩ ቁጥር ወድቃ ይሆን እያልኩ እሰጋለሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የቤታችን በርበሬ አለቀ። እናቴ ከሱፐርማርኬት የተገዛ በርበሬ ቤቷ አታስገባም፤ ከድሮ ባልደረባዋ ገዝቼ እንድመጣ ላከችኝ። ገና የተፈጨ፣ ትኩስ በርበሬ ታቅፌ ታክሲ ገባሁ። ተሳፋሪው በየተራ ያስነጥስ ጀመር። «እናት፣ እሱን ነገር አጥብቀሽ ቋጥሪው እንጂ፣ ልትጨርሺን ነው?» አለኝ ረዳቱ።

ቤት ደርሼ ፌስታሉን በሩ ሥር አስቀመጥኩና ልደበድብ እጄን አነሣሁ። ከውስጥ ማስነጠስ ሰማሁ። ደገመችው። ከዚያ መቀርቀሪያው ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። እኔ ገና አላንኳኳሁም።

«ይማርሽ» አልኩ ሳላስበው።

እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ከፈተች። «መጣሽ?»

«እንዴት አወቅሽ?» ብዬ ጮህኩ።

«እናንተስ በምን ታውቁኝ ነበር?» አለችና ፌስታሉን አንሥታ ወደ ጓዳ ሄደች።

ያኔ ልጅነታችን ትዝ አለኝ። እናቴ ከሥራ ስትመለስ በርበሬው ከቀሚሷ፣ ከፀጉሯ፣ ከሻሿ ተነሥቶ በበሩ ስንጥቅ ይቀድማት ነበር። እኔና ወንድሜ እናስነጥሳለን። እሷ ከውጭ፣ ገና ሳታንኳኳ፣ «ይማራችሁ!» ትላለች። እኛም እየተሻማን እንከፍታለን። አንድም ቀን «ማነው?» ብለን አናውቅም። እንዴት ረሳሁት? እኔ መልሱን ከምድር በታች ስፈልግ አፍንጫዬ ላይ ነበር።

አራተኛውን መጽሐፍ የዚያኑ ሰሞን ጨረስኩት። በሩ ይንኳኳል፣ ድምፁ ይለምናል፣ ልጅቷ እጇን መቀርቀሪያው ላይ አድርጋ አየሩን ታሸታለች። የበርበሬ ነጋዴ እናቷ ሽታ የለም። አትከፍትም። ጅቡ ጮኾ ጮኾ ጠርሙሱን ሲጨርስ ይሄዳል። ቆይቶ አፍንጫዋን ይበላታል፣ ታስነጥሳለች። ከውጭ «ይማርሽ ልጄ» የሚል ይሰማል።

ለሐጂ ያስረከብኳቸው ከእናቴ ጋር ሄጄ ነው። የመጨረሻውን ገጽ ቆመው አነበቡ። ከዚያ አራቱንም መጽሐፎች አንድ ላይ ደራርበው ሲባጎ አነሡና እናቴን አዩዋት። «እትዬ፣ ዘንድሮ ልቀላቅል ነው። ይፈቅዱልኛል?» በጆሮዋ ጮኼ ነገርኳት። እናቴ ሳቀች፤ «ለልጆች ከሆነ ይሁን» አለች። ሐጂ ያኔ ቀላቅለውልኝ ቢሆን ኖሮ የአንድ ከተማ ልጅ ሁሉ በአንዴ «ከፈተች ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፣ እኔም ያቺን የማታሳምን ቀለበት አሳትሜ አርፍ ነበር። ለእናቴም ለእርሳቸውም ያለኝ ምስጋና በአራት መጽሐፍ የሚያልቅ አይደለም።

አሁን ከቤት ስወጣ በመሐረቤ ጫፍ ጥቂት በርበሬ ቋጥሬ እይዛለሁ። ስመለስ በሩን አልደበድብም። ጎንበስ ብዬ መሐረቡን በስንጥቁ በኩል አራግፋለሁና እጠብቃለሁ። እናቴ ታስነጥሳለች። «ይማርሽ» እላታለሁ። አትሰማኝም። ግን ትከፍትልኛለች።