ከዲ የሚጀምረው መዝገበ ቃላት

ገና ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት ፓርኪንግ ዳር ቆሜ ነው። አሜሪካ፣ ጆርጂያ ውስጥ ስቶን ማውንቴን በነበርንበት አፓርትመንት ግቢ ጥግ ላይ፣ ለነዋሪው ሁሉ ተብሎ በብረት ምሰሶ ላይ የተተከለ የከሰል መጥበሻ ነበረ፤ ከታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ከጋሽ እንድሪስ በቀር ማንም አይነካውም። እሳቸው የኤርፖርት ሻትል ሲነዱ ውለው አሥር ሰዓት ላይ ይገባሉ። እናቴ ያኔ ታከር የሚባል ከተማ፣ መጋዘን ውስጥ እስከ ምሽት ስለምትሠራ፣ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሲያወርደኝ የሚጠብቁኝ እሳቸው ነበሩ። ድካማቸው የሚታየኝ ክብሪት ሲጭሩ ነው፤ ከሰሉ እስኪያያዝ ድረስ እንደ ቆሙ ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር።

በቆሎ ይጠብሱልኛል፤ በቆሎው እስኪደርስ መጽሐፍ ይገልጣሉ። ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ያነሱት ወፍራም የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነበር፤ ሽፋኑና የፊተኛው ክፍሉ ተገንጥሎ ስለጠፋ የሚጀምረው ከዲ ነው። «በኤ፣ በቢና በሲ የሚጀምር ነገር እንዳትጠይቂኝ፤ እሱን አይጥ በልቶታል» ይሉኝ ነበር። የወሎ ተረት ሳይሆን፣ ከዚያ መጽሐፍ የቃላቱን የትውልድ ታሪክ እያወጡ እንደ ተረት ይነግሩኛል። «ዊንዶው» መስታወት ባልነበረበት ዘመን የነፋስ ዓይን ማለት ነበር። «ናይስ» ድሮ የሞኝ ስም ነበር፤ «እንግዲህ አስተማሪዬ ናይስ ናት ስትይ አስቢበት» ብለው ሳቁ። «ዴድላይን»ን ሲነግሩኝ ግን አልሳቁም። እዚሁ ጆርጂያ ውስጥ፣ አሜሪካኖቹ እርስ በርስ በተዋጉበት ዘመን፣ የምርኮኞች ማጎሪያ ነበረ አሉ፤ ከአጥሩ ወዲህ አንድ መስመር አለ፣ ያንን ያለፈ ይተኮስበታል። «ዛሬ እናትሽን አለቃዋ ይህ ሰዓት ሳያልፍ ጨርሺ እያለ የሚያስሮጣት በዚያ ቃል ነው» አሉና በቆሎውን አገላበጡት። የፓርኪንጉ መብራት በራሱ ጊዜ ቦግ ሲል፣ ጭሱም ወደ መብራቱ ቀስ እያለ ሲወጣ አሁንም ይታየኛል።

«ሳድ» የሚለውም አለ። ድሮ የጠገበ ማለት ነበር፤ ከጥጋብ ወደ ክብደት፣ ከክብደት ወደ ኀዘን ሄደ። እኛ ዘንድ ጥጋብ ወደ ትዕቢት ሲያመራ እነሱ ዘንድ ወደ ኀዘን አመራ። ይህን የነገሩኝ እሳቸው ይሁኑ ወይስ በኋላ ራሴ አንብቤ የጨመርኩት፣ አሁን መለየት አቅቶኛል።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው «ትራቭል»ን ነበር። መነሻው ሦስት እንጨት ተጋጥሞ ሰው የሚሰቃይበት መሣሪያ ነው፤ ከዚያ ስቃይ ማለት ሆነ፣ ከዚያ አድካሚ ሥራ፣ በመጨረሻ መንገድ። መጽሐፉ እዚያ ላይ ሲያበቃ ጋሽ እንድሪስ ከዚያ ይጀምሩ ነበር፤ ቀን ተደብቀው ማታ እየተጓዙ ሱዳን እንዴት እንደገቡ፣ አንዱን ጥንድ ጫማ ከጓደኛቸው ጋር ተካፍለው እሳቸው ቀኙን ጓደኛቸው ግራውን እየተጫሙ። ሃያ ጊዜ ብሰማው አልጠግበውም ነበር።

በዚያ ዓመት እናቴ አንድ ሥራ ሰጠችኝ። ጋሽ እንድሪስ የዜግነት ኢንተርቪው ቀጠሮ ደርሷቸዋል። ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ደሴ ከቀሩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ እሳቸው ዜጋ ከሆኑ የሴትየዋ የቪዛ ወረፋ ያጥራል። ስለዚህ እኔ ኦፊሰር ሆኜ የጥያቄውን ወረቀት ይዤ በየቀኑ ላስጠናቸው።

«እሺ ኦፊሰሯ፣ ዛሬ ስንት ጥያቄ ነው?»

«ሃያ። ግን መጀመሪያ አንድ ቃል ንገረኝ።» ያኔ አንቱ ማለት አላውቅም ነበር።

«አንድ ብቻ?»

«ፕሮሚስ።»

አንዱ ቃል ሌላውን ይጠራል፤ በቆሎው ያልቃል፣ ፍሙ አመድ ይለብሳል፣ የእናቴ መኪና ሲገባ ወረቀቱ እንደታጠፈ ነው። «ጨረሳችሁ?» ስትለኝ «ጨረስን» እላታለሁ። በመጨረሻው ሳምንት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር አደረግኩ። «ስለ ትራቭል ከጠየቁህ ተረቱን ንገራቸው፣ በጣም ይገርማቸዋል» አልኳቸው።

«ይገርማቸዋል ብለሽ ነው?»

«ሹር» አልኳቸው።

የቀጠሮው ዕለት ከአውቶቡስ ስወርድ ሁለቱም መጥበሻው አጠገብ ቆመዋል። እናቴ ከሥራ ኦፍ ወስዳ ነው ያደረሰቻቸው። ጋሽ እንድሪስ በሱፍ ልብሳቸው እንዳሉ ናቸው፤ እሳት አልነደደም።

«ጋሽ እንድሪስ፣ በዚህ አምስት ዓመት ከአሜሪካ ወጥተው ያውቃሉ ወይ ሲልዎት፣ ኖ ቢሉት ምን ነበረበት?» ትላለች እናቴ።

«ሰው አክብሮ ጠይቆሽ፣ ኖ ብለሽ በሩን ፊቱ ላይ ትዘጊያለሽ እንዴ ልጄ? ነውር አይደለም?»

ኦፊሰሩ ትራቭል የሚለውን ቃል ገና ከአፉ ሲያወጣ፣ እሳቸው ከሦስቱ እንጨት ጀምረው ሱዳን ድረስ ወስደውታል። ደግሞ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም ጫማውን ጨመሩለት። ናይስ ሰው ነበር፣ አላቋረጠኝም አሉ። ከዚያ ወረቀት ሰጣቸው፤ መልሳቸው ከጥያቄው ጋር አይገናኝም፣ ከሁለት ወር በኋላ ይመለሱ የሚል።

«ይሄን ተረት ለኦፊሰር ይንገሩ ያለዎት ማነው?» አለች እናቴ።

እኔ የቦርሳዬን ማንገቻ ይዤ መሬት መሬት አየሁ። ጋሽ እንድሪስ ወደ እኔ አልዞሩም።

«ከራሴ ነው» አሉ። «እሷማ በደንብ አስጠንታኛለች።»

ያንን ቀን እናቴ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ አንድም ቃል አልጠየቅኩም። ክብሪቱን ኪሴ ከትቼ፣ ሃያው ጥያቄ ሳያልቅ አልሰጥም አልኩ። እሳቸው «ይሄ ቃል እኮ መነሻው—» ብለው ሲጀምሩ «የስ ኦር ኖ፣ ጋሽ እንድሪስ» እላለሁ።

«አብሽሪ ኦፊሰሯ። የስ።»

ቀን በቀን መልሳቸው አጠረ። መጀመሪያ ተረቱ ቀረ፣ ቀጥሎ «አብሽሪ»ው ቀረ። መጽሐፉ መጥበሻው ሥር ተረስቶ ዝናብ ነካውና ገጹ ተጣበቀ። ኢንተርቪውን አለፉ። እናቴ እልል አለች፤ እኔም ዘለልኩ። በማግስቱ ክብሪቱን አቀብያቸው አንድ ቃል እንዲነግሩኝ ብጠይቃቸው፣ ከሰሉን ለኩሰው እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ደከመኝ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ በኋላም ይደክማቸው ነበር።

እትዬ ዘሀራ የመጡት ከዓመት በላይ ቆይተው ነው። ኤርፖርት አብረን ሄድን። ሴትየዋ የጋሽ እንድሪስን የኮት እጅጌ ይዘው ፊታቸውን ብዙ አዩት።

«አንተ፣ እንዴት ከረምክ?» አሏቸው።

የአሥር ዓመት ጥያቄ ነበር።

«ፋይን» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

እትዬ ዘሀራ ቀጣዩን ጠበቁ። ሳይመጣ ሲቀር ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«ምን አለኝ?»

«ደህና ነኝ ነው ያለው።»

«በቃ?»

«በቃ» አልኳቸው።

ዛሬ እኔም ታከር፣ እናቴ በሠራችበት መጋዘን ነው የምሠራው። ያለ አስተማሪ፣ በብሬክ ሰዓት ስልኬ ላይ የቃላት ታሪክ አነባለሁ፤ አይጥ በላው ያሉኝን ኤ፣ ቢና ሲን ሁሉ ጨርሻለሁ። ያገኘሁትን ለባልደረቦቼ ሳስረዳ ያዛጋሉ፤ አልፈርድባቸውም፣ ቆመን ነው የምንውለው። «ፋይን»ንም አነበብኩት። መነሻው መጨረሻ ማለት ነው፤ ያለቀለት፣ ከዚያ የተጣራ፣ ከዚያ ያማረ፣ ከዚያ ደህና። ሰው እንዴት ነሽ ሲለኝ እኔም እሱኑ ብዬ አልፋለሁ።

ጋሽ እንድሪስና ባለቤታቸው አሁን ኬኔሶ ከተማ ነው የሚኖሩት፤ አንዳንድ እሑድ ነድቼ እሄዳለሁ፣ አሁን አንቱ እላቸዋለሁ። «ፋይን» የሚጀምረው በኤፍ ስለሆነ በእሳቸው መጽሐፍ ውስጥ ነበረ። ኤርፖርት ላይ ሲሉት ታሪኩን ያውቁት እንደነበር ልጠይቃቸው ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ መለስኩት። የስ ብለው ዝም እንዳይሉኝ እፈራለሁ።