«ትሠራለች» ያልኩላት ሲዲ

ትናንት ከዲላ መናኸሪያ ስወጣ ከፊቴ የሚሄደው ባጃጅ ኋላው ላይ አሮጌ ሲዲ አንጠልጥሎ ነበር። ከዝናቡ በኋላ ብቅ ያለችው ፀሐይ ስትነካው አረንጓዴና ወይን ጠጅ እያበራ ይሽከረከራል። ሹፌሩ ለጌጥ ነው ያንጠለጠለው። እኔ ግን እስኪታጠፍ ድረስ አንገቴን ደፋሁ።

ነገሩ የጀመረው እዚሁ ዲላ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ፣ አንድ ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እኔና የላብራቶሪ ጓደኛዬ ሀያት ከፀጉር የቀጠኑ ኦርጋኒክ ክሪስታሎችን መስታወት ላይ በመስመር ለመደርደር ስንደክም ከርመናል። በመስመር ከተኙ ኤሌክትሪክ በደንብ ያሳልፋሉ፤ አንድ ቀን እንደ ጨርቅ ለሚታጠፍ ስክሪን ይሆናሉ። የእኛዎቹ ግን እንደ ተበተነ ጭድ ተዘበራርቀው ይደርቁ ነበር። መምህራችን፣ ሲዲ ሲሰነጠቅ ውስጡ በዓይን የማይታይ ቦይ አለው፣ ክሪስታሉን እሱ ይመራዋል አለን። ሀያት ከአባቷ ሱቅ ጀምራ ገበያውን አሰሰች። ሁሉም ፍላሽ ሆኗል።

ወናጎ፣ እኛ ቤት፣ አንዲት ሲዲ ነበረች፤ የእህቴ ሠርግ። አባዬ ካረፈ ወዲህ ድምፁ የቀረው እሷ ላይ ብቻ ነው። ግን ተቧጭራለች፤ እሱ ሊመርቅ ሲነሳ ቀጥ ትላለች። እማዬም መክፈቱን ከተወች ቆይታለች። ስለዚህ ደወልኩላት።

«እማ፣ ሲዲዋን ላኪልኝ። ላብራቶሪ ልንሠራባት ነው።»

«ኧረ ጮክ በይ! ከድመት ጋር ነው እንዴ የምታወሪው? ትሠራለች?»

«ትሠራለች፣ እማ።»

ማታውኑ የሚኒባስ ረዳት አደረሰልኝ፤ በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልላ፣ ከትኩስ ቆጮ ጋር።

«እናትሽ እሺ ብለዋል?» አለች ሀያት።

«ብላለች።»

«አንቺን ሰምተው ከሆነ ተአምር ነው!»

በምላጭ ሰነጠቅናት። የቦዩን ቅርጽ በለስላሳ ጎማ ቀድተን፣ ጎማውን መስታወት ላይ ተጭነን ክሪስታል የሚሆነውን ፈሳሽ ጠብ አደረግን። ዓርብ ከሰዓት በማይክሮስኮፕ ሳይ፣ ክሪስታሎቹ አዲስ እንደተሠራ ሹሩባ ጎን ለጎን ተኝተዋል። ሀያት እልል አለች። እኔ ስልኬን አነሳሁ።

«እማ፣ ተሳካ!»

«ተመስገን! የኔ ልጅ! ድምፁም ይሰማል?»

ለካ ልንሠራባት ያልኳትን ልንሠራት ብላ ሰምታለች። «ትሠራለች?» ስትለኝ ለሥራችሁ ትሆናለች ወይ ያለችኝ መስሎኝ ነበር። እሷ የጠየቀችው ዳግም ትከፈታለች ወይ ብላ ነው።

«ነገ እመጣለሁ» ብቻ አልኳት።

ዛሬ ሰው «ይሠራል?» ሲለኝ «ለምን?» ብዬ መልሼ እጠይቃለሁ። ጠንቃቃ ናት ይሉኛል። እኔ የማስበው ግን ያን ማለዳ ነው።

በመጀመሪያው ሚኒባስ ወናጎ ደረስኩ። እማዬ የቴሌቪዥኑን ዳንቴል ገፍፋ፣ ለጎረቤቶች ወንበር ደርድራ ጠበቀችኝ። ነገርኳት፤ ያን ቀን ጮክ ብዬ። ክሪስታሎቹ የተኙባትን መስታወት እጇ ላይ አኖርኩ። ወደ መስኮቱ አዙራ ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«እሱ የነበረበት መስመር ነው?»

«አዎ፣ እማ።»

ወንበሮቹን አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለስኩ፤ ዳንቴሉንም አንስቼ ቴሌቪዥኑን አለበስኩት።