የኮሪደሩ ፕሪንተር

ትናንት ሲኤምሲ አንዲት ኮፒ ቤት ቆሜ የልጄን ሰርተፍኬት ኮፒ ሳስደርግ፣ ከማሽኑ የወጣው ትኩስ ወረቀት ሸተተኝና ወደ በሩ አፈገፈግኩ። ትስቂብኝ ይሆናል፤ ወረቀት የሚፈራ ሰው አይተሽ አታውቂም።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ቦሌ መንገድ ዳር ካለ ፎቅ ላይ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። አንድ ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ በሩን ዘግቶ ከሥራ የሚሰናበቱ የዘጠኝ ሰዎች ስም ሰጠኝ። "በየስማቸው ደብዳቤ የሚያትም ስክሪፕት ሥሪ። ሐሙስ እኔ ክፍል ባለው ፕሪንተር ይውጣ፤ ጠርቼ ራሴ እነግራቸዋለሁ። እስከዚያ አንድ ሰው ቢሰማ አንቺን ነው የምጠይቀው" አለኝ።

ሦስተኛው ስም የጸሐፊያችን ነበር። አዲስ ገብቼ ጥግ ይዤ ስቀመጥ እጄን ይዛ ከሰው ያላመደችኝ፣ ስታመም ሾላ ገበያ ወርዳ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ገዝታ ቤቴ ድረስ የመጣች ሴት ናት። ልጇንም ብቻዋን ነበር የምታሳድገው።

ሰኞ አልነገርኳትም። ማክሰኞም፣ ረቡዕም። ያን ሳምንት ሰማዩ ዝናብ አዝሎ አይጥልም ነበር፤ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ እኔም እደነግጣለሁ። "ምነው ከሳሽ?" ትለኛለች። "ጉንፋን ነው" እላታለሁ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

ስክሪፕት ለኮምፒውተር የሚጻፍ የትእዛዝ ዝርዝር ነው፤ እኔ በጻፍኩት ውስጥ ወረቀቱ በየትኛው ፕሪንተር እንደሚወጣ የምትወስን አንዲት መስመር ነበረች። ለሙከራ ብዬ የኮሪደሩን ጽፌባት ነበር። ሐሙስ ረስቼ ሳልቀይራት ስክሪፕቱን አስነሳሁት። ወዲያው ኮሪደሩ ላይ ማሽኑ ሲንገጫገጭ ሰማሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

በመሥሪያ ቤታችን ልማድ ኮሪደር ላይ የወጣን ወረቀት ሁሉ የምትሰበስበው ጸሐፊዋ ነበረች፤ ስም አይታ በየጠረጴዛው ታድላለች። ሮጬ ስደርስ ሁለቱን ሰጥታለች። የሂሳብ ክፍሉ ሰውዬ ደብዳቤውን እንደያዘ ደርቆ ቀርቷል። እሷ ሦስተኛውን እያነበበች ነበር።

ቀና ብላ አየችኝ። "አንቺ ነሽ ያተምሽው?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?"

"ከሰኞ።"

የቀሩትን ስድስቱን አስተካክላ እጄ ላይ አስቀመጠቻቸው። አልጮኸችም፤ ብትሰድበኝ በወደድኩ።

"እኔ ብሆን እነግርሽ ነበር፣ ልጄ" አለችኝ።

ትነግረኝ ነበር። እንጀራዋን ቢያሳጣት እንኳ ትነግረኝ ነበር።