ጨው ያነሰው እንቁላል

የያዙኝ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ነው። ሹም አቦ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከሱቁ ፊት ለፊት፣ ሁለት ሰዎች በስሜ ጠርተው «ለጥያቄ ትፈለጊያለሽ፣ ቶሎ ትመለሻለሽ» አሉኝ። እኔም ሞኟ አምኜ ምሳ ዕቃዬን እንደያዝሁ ተከተልኋቸው። ኮሌጅ ውስጥ የተማሪ ውጤት የምመዘግብ ሠራተኛ ነኝ። ስልኬን ወስደው «እዚህ ውስጥ ያለውን አንቺ ታውቂዋለሽ» አሉኝ። ምን እንዳለበት እስክፈታ ድረስ የነገረኝ የለም።

ያስገቡኝ ጣና ሐይቅ ዳር ካለ አሮጌ መጋዘን ነበር። መስኮቱ ጣሪያው ሥር ስለሆነ ውሃውን አናየውም፤ ሽታው ግን ይመጣል፤ ጠዋት የእርጥብ ደንገል፣ ከሰዓት የዓሣ። ሃያ የምንሆን ሴቶች ሲሚንቶው ላይ ተደርድረን እንተኛለን። ከጎኔ የነበረችው ቆጋ መስኖ ላይ ሽንኩርት የምታለማ የመራዊ ሴት ነበረች። «አንች፣ አልቅሰሽ ስትጨርሽ ጫማሽን ከራስጌሽ አርጊው፤ አይጥ አለ» አለችኝ። ሰላምታዋ ይኸው ነበር።

የመጀመሪያውን ሳምንት እህል አልወርድ አለኝ። አባቴ በየቀኑ ሽሮ ያመጣሉ፤ እኔ ለመራዊዋ ሴት እሰጣለሁ። ለእሷ ከሩቅ ስንቅ የሚያመጣላት ሰው አልነበረም። ከመካከላችን የተፈታች አንዲት ሴት ወጥታ «ልጅዎ አትበላም» ብላ ነገረቻቸው። በማግሥቱ ሰኞ እንቁላል መጣ።

እንቁላሉን ለማያውቅ ልንገረው። እናቴ የሞተች ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ያኔም እህል እንቢ ብዬ ነበር። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ልጅነታቸውን ደቅ ደሴት በቆሎ ተማሪነት ያሳለፉ፣ ምድጃ አጠገብ ቆመው የማያውቁ ሰው። ሲቸግራቸው ሦስት እንቁላል መቱ፣ ቃሪያ ከተፉበት፣ ጥቁር አዝሙድ ነሰነሱበት፣ በቅቤ አበሰሉት። መጨረሻ ላይ ከተማሪ ቤት የለመዱትን ድርቆሽ እንጀራ በእጃቸው ፈርፍረው ጨመሩበት። እንቁላሉ እንዲበረክት ነው። ያን በላሁ። ከዚያ ወዲህ ቁርሳችን እሱ ሆነ።

በጽጌ ጾም ጊዜ ግን አንድ ችግር ነበረበት። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ የፈለገ ይጾመዋል፣ ያልፈለገ ይበላል። አባቴ ከእናቴ ሞት ጀምሮ ለነፍሷ ብለው ይዘውት አንድም ዓመት አስታጉለው አያውቁም። እኔ ይዤው አላውቅም። ስለዚህ ያን ሁሉ ቀን ሳይቀምሱ ይሠሩልኛል፤ ጨዉም ሁልጊዜ ያንሳል።

«አባባ፣ ጨው አንሶታል።»

«ጨው ያውልሽ፣ እጅ አለሽ» ይሉኛል።

እስር ቤትም እንቁላሉ የመጣው በጽጌ ነበር። ክዳኑን ስከፍተው ጥቁር አዝሙዱ ሸተተኝ። ከዳር በኩል ግን አንድ ማንኪያ ጎድሎ ቦታው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቀመስሁት፤ ጨው አንሶታል። እንግዲህ አባባ አልቀመሱትም፤ ጠባቂዎቹ ናቸው የበሉት። ማክሰኞም እንዲሁ ጎድሎ መጣ። ደሜ ፈላ። ያለጥፋቴ ታስሬ፣ ስልኬን ተቀምቼ ዝም ያልሁት እኔ በአንድ ማንኪያ እንቁላል አበድሁ።

«ተይ አንች፣ ለአንድ ጉርሻ!» አለች መራዊዋ።

«ጉርሻው አይደለም። የአባቴ ነው» አልኋት።

ስንቅ የምትፈትሸው ጎልማሳ ሃምሳ አለቃ ነበረች፤ ፊቷ የማይፈታ፣ ግን ሰው የማትሳደብ። ባዶውን ምሳ ዕቃ ልትወስድ ስትመጣ ተነሥቼ ቆምሁ።

«እንቁላሌን ማነው የሚበላው?»

ቆም ብላ አየችኝ። «አባትሽ ናቸዋ።»

«አባቴ አይበሉም!»

«እንዴት አይበሉም? ስንቅ ያመጣ ሰው ፊታችን ሳይቀምስ አይገባም። ደንብ ነው። ሽሮውንም ሲቀምሱ ነው የከረሙት።»

«ጾመኛ ነኝ አላሉሽም?»

«ምንም አላሉም። ማንኪያውን ስሰጣቸው አማተቡ፤ ትንሽ ቆዩና ጎረሱ። የማዕድ ጸሎት መስሎኝ ነበር» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «ጽጌን ይጾማሉ እንዴ?» አለችኝ።

አፈርሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ጠባቂዎቹን እየረገምሁ ምሳ ዕቃውን ጠርጌ የበላሁት የአባቴን ጾም ነበር። ለእናቴ ነፍስ የያዙትን ለእኔ ሆድ ፈቱት፤ በር ላይ፣ በቆሙበት፣ ሰው እያየ።

ረቡዕ ለሁላችንም ጾም ነው፤ የሚመጣው ሽሮ ነው። ሐሙስ ግን እንቁላሉ ይመለሳል። ሳልበላ ብመልሰው ደግሞ «ልጄ ልትሞትብኝ ነው» ብለው ቅቤ ጨምረው ያመጡታል፤ አባቴን አውቃቸዋለሁ። ቃል መላክ አለብኝ፤ መልእክት ደግሞ ክልክል ነው።

ረቡዕ ጠዋት ሃምሳ አለቃዋን ጠበቅኋት።

«ለአባቴ አንድ ነገር ንገሪልኝ።»

«መልእክት አናስተላልፍም።»

«የምግብ ነገር ነው። እኔም ጽጌን ይዣለሁ በያቸው። እንቁላል አልበላም፤ ሽሮ ይምጣልኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የያዝሽው?»

«ከዛሬ።»

ከንፈሯን ነከስ አድርጋ በሩን ዘጋች። ያን ቀን ውሎዬ ምንጣፌ ላይ ቁጭ ብሎ በሩን ማየት ሆነ።

ሐሙስ ምሳ ዕቃውን ስታቀብለኝ እዚያው ከፈትሁት። ሽሮ ነው። ከዳሩ አንድ ማንኪያ ጎድሏል።

«ምን አሉ?» አልኋት በሹክሹክታ።

«‹እሷ? ጽጌን?› አሉ» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ አለ። «ከዚያ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ።»

ሽሮ አልወድም፤ ዛሬም አልወድም። ያን ቀን ግን እያንዳንዷን ጉርሻ እያንገሸገሸኝ አወረድኋት፤ የተረፈውን ከመራዊዋ ጋር ጠረግነው። ጨዉ ልክ ነበር። እስከ መጨረሻው ጾምሁ፤ የሽሮውን ዱቄት ብቻ፣ አንዴ የአተር አንዴ የሽምብራ፣ እየለወጡ ሲያመጡልኝ ሰነበቱ። ምግብ ለመምረጥ ፈቃድ በሌለበት ቦታ እኔ የምበላውንና የማልበላውን መርጬ ነበር።

የቁስቋም ዕለት ጾሙ ሲፈታ ለክፍሉ ሁሉ የሚበቃ እንቁላል በትልቅ ሳፋ መጣ። ከዳሩ የጎደለው ቦታ ዛሬ የማንኪያ አልነበረም፤ የእጅ ነበር።

«ሦስቴ ጎረሱ!» አለችኝ ሃምሳ አለቃዋ። «‹ይበቃል አባቴ› ብላቸው ‹ደንብ አይደለም ወይ?› አሉኝ።»

መራዊዋ እስክትታመም ሳቀች። እኔ ሳቅሁም፣ አለቀስሁም።

ከተፈታሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ስለእነዚያ ሁለት ማንኪያዎች አንድ ቀን አንሥተንም አናውቅ። ከንስሐ አባታቸው ጋር ምን እንደተነጋገሩም አልጠየቅሁም። ዓይናቸው ስለደከመ ምድጃው የኔ ሆኗል። ጽጌንም በየዓመቱ እይዛለሁ፤ ተይዤ የጀመርሁትን ተፈትቼ መተው አሳፈረኝ።

የቁስቋም ጠዋት እኔ እንቁላሉን እሠራለሁ። ድርቆሹን በእጄ እፈረፍራለሁ። ከእሳቸው በፊት መቅመስ አልፈልግም፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ጉርሻ እሳቸው ይወስዳሉ። አማትበው ይጎርሳሉ፤ ቀስ ብለው ያላምጣሉ።

«ጨው አንሶታል» ይሉኛል።

«ጨው ያውልዎት አባባ፣ እጅ አለዎት» እላቸዋለሁ።

የጨዉን ጣሳ ግን እጃቸው ላይ የማስቀምጠው እኔ ነኝ።