የማክሰኞ አመድ

ሰውየው ስም አጥቶ አይደለም፤ እናቱ ያወጣችለት ደህና ስም አለው። በእንስሳት መጠለያው ግቢ ግን ያን ስም የሚያውቀው የሠራተኞች መዝገብ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ፣ ከሐኪሟ እስከ ዘበኛው፣ «ጋሽ ምድጃ» ይለዋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከአንድ ምድጃ ጋር ሲግልና ሲቀዘቅዝ የኖረ ሰው ሌላ ምን ሊባል ኖሯል?

ሥራውን የሚመኝ የለም። ሰው ስለ መጠለያ ሲያወራ ስለ ቡችላ ነው የሚያወራው። ያረጀው፣ የታመመው፣ ወሳጅ ያጣው በሐኪሟ መርፌ ካረፈ በኋላ የት እንደሚገባ ማንም አይጠይቅም። ጋሽ ምድጃ ዘንድ ነው የሚገባው። ከሕክምናው ክፍል ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ትልቅ ፍሪዘር አለ፤ ከፍሪዘሩ ቀጥሎ በናፍጣ የሚሠራው ምድጃ። ባለቤት ያለው እንስሳ ሐሙስ ሐሙስ ለብቻው ይቃጠላል፤ አመዱም በቆርቆሮ ጣሳ ታሽጎ፣ ስሙ ተለጥፎበት ለባለቤቱ ይሰጣል። ባለቤት የሌለው ደግሞ ማክሰኞ ማክሰኞ ነው፣ ሁሉም አንድ ላይ። የማክሰኞ አመድ በርሜል ውስጥ ሁለት ቀን ከሰነበተ በኋላ ከአጥሩ ጥግ ካለው ጉድጓድ ይገባና ኖራ ይነሰነስበታል። አለቀ።

ለጋሽ ምድጃ ግን በዚህ አያልቅም። እሳቱን ከመለኮሱ በፊት አንድ በአንድ አውጥቶ ያያቸዋል፤ ጸጉራቸውን በእጁ ይደባብሳል፤ እግራቸው ላይ የታሰረውን ቁጥር ያነብና መልካቸውን በደብተር ይጽፋል። ይህን አድርግ ብሎ ያዘዘው የለም።

«ጋሽ ምድጃ፣ ስም ጠርተው ክፍል ሊያስገቧቸው ነው እንዴ?» ትለዋለች ጸሐፊዋ። ምላሷ አያርፍም እንጂ ሆደ ቡቡ ናት።

«ዝም ብዬ ነው» ይላል እሱ።

ዝም ብሎ አልነበረም። ከአራት ዓመት በፊት፣ ያ ወረርሽኝ ሰዉን ባስጨነቀ ጊዜ፣ ሚስቱ ሆስፒታል እንደገባች አልወጣችም። ያን ሰሞን ቀብሩ በጥድፊያ ነበር፤ ቤተሰብ ዝር እንዲል አይፈቀድም። እሱ በአራተኛው ቀን ሲደርስ የመቃብር ጠባቂው አዲስ ከተቆለለው አፈር ወደ አንዱ ጣቱን ቀስሮ «ያቻትልህ» አለው። ጋሽ ምድጃ እዚያ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። አበባ ተከለ፣ በየሳምንቱም ውሃ አጠጣ። በአምስተኛው ወር አንዲት ሴት ከሦስት ልጆቿ ጋር መጥታ እዚያው አፈር ላይ ስታለቅስ አገኛት። የባሏ መቃብር ነው፤ ቁጥር ያለው ወረቀት ይዛለች። ጠባቂውን ቢያፋጥጡት አንገቱን ደፋ። «ሲያለቅስ አንጀቴን በላው፤ ባዶ ልቡን ከሚመለስ ብዬ ነው» አለ። ሚስቱስ የት ናት? ጠባቂውም አያውቅ፣ ሌላም የሚያውቅ አልተገኘ።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ምድጃ ናፍቆቱን ይዞ የሚሄድበት ቦታ አጣ። ትናፍቀዋለች፤ እንዴት እንደምትናፍቀው! ስትስቅ አፏን በመዳፏ መሸፈኗ፣ ከሥራ ሲገባ ጭስ ጭስ ሸተትክ ብላ በሩ ላይ ማስቆሟ። ሰው ሲናፍቅ ቢያንስ ፊቱን የሚያዞርበት አቅጣጫ ይፈልጋል። እሱ ግን ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ግድግዳ ያያል።

እንግዲህ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ጡረታ የወጡ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ መጠለያው መጡ። ወድቀው ዳሌአቸው ተሰብሮ ሦስት ሳምንት ተኝተዋል። እሳቸው ሆስፒታል ሳሉ ጎረቤት በሩን ሳይዘጋው ቀርቶ ውሻቸው ወጥታ ጠፋች። ከመንገድ ተነሥታ እዚህ ገባች፤ አሥር ቀን ጠያቂ አጣች፤ ኩላሊቷ እምቢ ሲል ሐኪሟ አሳረፈቻት። ይህን ሁሉ ጸሐፊዋ በቀስታ ነገረቻቸው።

ሽማግሌው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። «እመቤት ነበር የምትባለው» አሉ። «ስሙን ያወጣችላት ባለቤቴ ናት፣ ነፍሷን ይማር። ቤት ውስጥ የኔን ትእዛዝ የሚሰማ እንደሌለ እንዳውቀው ብላ።» ፈገግ ለማለት ሞክረው አቃታቸው። «ከባለቤቴ የቀረችኝ እሷ ብቻ ነበረች። አስከሬኗን ስጡኝና ጓሮዬ ልቅበራት።»

ጸሐፊዋ ጋሽ ምድጃን ወደ ኮሪደሩ ሳበችው። «ትናንት ገብታለች አይደል?»

«ገብታለች። ከአሥራ አንድ ሌሎች ጋር።»

«በቃ ከበርሜሉ አንድ ጣሳ ይሙሉላቸው። አመድ አመድ ነው፤ በምን ያውቃሉ? አፈር ስሆን ጋሽዬ፣ እኚህን ሰው ባዶ እጃቸውን አንሸኛቸው።»

እውነት ለመናገር ጋሽ ምድጃ ብዙም አልተከራከራት። የሽማግሌው ፊት ልቡን ሰብሮታል። ሄዶ ጣሳ ሞላ፣ አሸገ፣ ወረቀቱ ላይ «እመቤት» ብሎ በጥሩ እጅ ጽፎ ለጠፈ። ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። ደረታቸው ላይ አስጠጉና «ነይ እስቲ፣ ቤታችን እንሂድ» አሉት፣ ጣሳውን።

 ያ የመቃብር ጠባቂ፣ በልቡ ስንት ጊዜ የረገመው ሰውዬ፣ አሁን ጋሽ ምድጃ ራሱ ሆኖ ቆሟል።

«አባቴ፣ ይቆዩ» አለ። ጸሐፊዋ በዓይኗ ለመነችው። አላያትም። «እሷ ብቻዋን አይደለችም እዚህ ውስጥ። ምናልባትም ጭራሽ የለችበትም። ትናንት ከሌሎች ጋር ነው ያቃጠልኳት። ዋሽቼዎታለሁ።»

 ሽማግሌው ተቆጡ። «ታዲያ ለምን ነገርከኝ? ይዤ ልሄድ ነበር እኮ! ደስ ብሎኝ ልሄድ ነበር!»

«የኔም ሚስት የት እንዳለች አላውቅም» አለ ጋሽ ምድጃ። ሊናገር ያሰበው ይህን አልነበረም፤ ከአፉ አምልጦት ነው። «አንዱ አዝኖልኝ የሰው መቃብር አሳየኝ። አምስት ወር ሙሉ የማላውቀውን ሰው ውሃ ሳጠጣ ከረምኩ። እርስዎን እንደዚያ ላደርግዎት አልቻልኩም።»

 ከወዲያ በኩል አንድ ውሻ ይጮሃል።

«ከነማን ጋር ነበረች?» አሉ ሽማግሌው በመጨረሻ።

ጋሽ ምድጃ ደብተሩን አምጥቶ አነበበላቸው። አንድ ዓይና ጥቁር ውሻ። መኪና የገጨው ቡኒ። አፍንጫዋ ዙሪያ የሸበተባት ቡናማ አሮጊት፤ እሷ እመቤት ናት። ዘጠኝ ድመቶች፣ ሦስቱ ገና ጡት ያልጣሉ።

«ዘጠኝ ድመት!» አሉ ሽማግሌው፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ በማይለይ ድምፅ። «ድመት እኮ ዓይኗ እንዲያይ አትፈልግም ነበር።» ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። «እነዚህስ ባለቤት የላቸውም?»

«የላቸውም።»

«እንግዲያው ሁሉንም ስጠኝ። አንዷንም ሳታስቀር። ሁሉም ካሉ እሷም አለች።»

ጸሐፊዋ «ደንቡ እኮ...» ብላ ጀመረችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

አመዱ አንድ ትልቅ ባልዲና ጥቂት ሆነ። ጋሽ ምድጃ በርሜሉን አንኳኩቶ፣ የምድጃውን ወለል በመጥረጊያ ሳይቀር ጠርጎ ሰበሰበው። በምርኩዝ የሚሄድ ሰው ይህን አይሸከምምና «እኔ ላድርስልዎ» አለ። ሸክሙ ግን ሰበብ ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከማክሰኞዎቹ አንዱ እንኳ ቤት ሲገባ አይቶ አያውቅም፤ ማየት አማረው።

የሽማግሌው ጓሮ ጠባብ ናት፤ አንድ የሎሚ ዛፍ አለች። ጋሽ ምድጃ ቆፈረ። አመዱን አፈሰሰ፣ አፈሩን መለሰ፣ በእግሩ ሳይሆን በእጁ ጠቀጠቀው። ከዚያ መነሣት ነበረበት፤ ግን ተንበርክኮ እንዳለ ቀረ፤ ማልቀስ ጀመረ። ለአሥራ ሁለቱ እንስሳት እንዳልሆነ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ሽማግሌው ከዘራቸውን ግድግዳ አስደግፈው፣ ዳሌአቸውን እያመማቸው፣ እንደምንም አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ባለቤትህ ማን ትባል ነበር፣ ወንድሜ?»

ነገራቸው። ሽማግሌው ስሟን ቀስ ብለው፣ እንዳይሳሳቱ ተጠንቅቀው፣ ከሱ በኋላ ደገሙት። ጋሽ ምድጃ ቀና ብሎ አያቸው። ያን ስም ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ፣ ከአራት ዓመት ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

«እስቲ አንዴ ይድገሙልኝ» አላቸው።